መነጽሩ፣ ታብሌቱና ፕሮጀክተሩ፦ ኤአር አብረው በሚሠሩ ሰዎች መሃል ሲገባ ምን ይሆናል?

ኦግመንትድ ሪያሊቲ፣ ባጭሩ ኤአር፣ ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚመጣበት ወፍራም መነጽር ያጠለቀ ሰው ባዶ አየር ሲነካካ ነው። ማስታወቂያውም የሚያሳየን ይህንኑ ነው፤ ሰውዬው ሁሌም ብቻውን ነው። ሥራ ግን እንዲህ አይደለም። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሼድ ውስጥ አንድ የስፌት ማሽን ሲቆም ቢያንስ ሁለት ሰው ያጎነብስበታል። ሪፈራል ሆስፒታል አንድ አልጋ ዙሪያ ስፔሻሊስቱ፣ ሬዚደንቱ፣ ኢንተርኗና ነርሷ ይቆማሉ፤ አስታማሚዋም አለች። ግንባታ ላይ ያለ ሕንጻ ሥር ባለቤቱ፣ መሐንዲሱና ፎርማኑ አንድ ፕላን ዘርግተው ይከራከራሉ።

እንዲህ ላለ ሥራ ኤአር ሲታሰብ "ምስሉ ምን ያህል ጥራት አለው?" ከሚለው በፊት መነሳት ያለበት ጥያቄ አለ፦ መሣሪያው በሰዎቹ መሃል ሲገባ ማን የማንን ዓይንና እጅ ማየት ያቆማል? መልሱ እንደ ማሳያው ዓይነት በጣም ይለያያል።

ኤአር ከቪአር በምን ይለያል?

ቪአር (ቨርቹዋል ሪያሊቲ) ዓይንን ሙሉ በሙሉ ጋርዶ ሌላ ዓለም ውስጥ ያስገባል። ኤአር ያለንበትን ቦታ አይወስድብንም፤ በኮምፒውተር የተሠራ ነገር ይጨምርበታል። ተመራማሪው ሮናልድ አዙማ እ.ኤ.አ. በ1997 ያስቀመጣቸው ሦስት መለያዎች ዛሬም ያገለግላሉ። እውነተኛውና የተጨመረው ነገር አብረው መታየት አለባቸው። የተጨመረው ነገር ለእንቅስቃሴያችን ወዲያው ምላሽ መስጠት አለበት። በቦታም ከእውነተኛው ነገር ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። ዋናው ይህ ሦስተኛው ነው። ኳስ ስናይ ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ የሚቀመጠው ውጤት ኤአር አይደለም፤ ካሜራው የትም ቢዞር እሱ እዚያው ጥጉ ላይ ነው። አንዲት ብሎን ላይ የተጠቆመ የብርሃን ቀስት ግን፣ ጭንቅላታችንን ስናዞር ብሎኗን ሳይለቅ ከቆየ፣ ኤአር ነው።

ሐሳቡ የትናንት አይደለም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ አይቫን ሳዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳየው ጭንቅላት ላይ የሚጠለቅ ማሳያ ከጣሪያ ጋር ተያይዞ ነበር የሚሠራው። ስያሜው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ የቦይንግ ባልደረቦች ቶም ኮዴልና ዴቪድ ሚዜል የአውሮፕላን ሽቦ የሚያሰናዱ ሠራተኞችን ለማገዝ ሲሞክሩ። ሁለቱም ያሰቡት ለአንድ ሰው ነው። ብዙ ሰው ባንድ ላይ አንድን ነገር ከብቦ እንዲያይ የማድረግ ሙከራ በስፋት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ቪየና ላይ የተሠራው ሽቱዲየርሽቱበ የተባለው ሥርዓት ከቀደምቶቹ አንዱ ነው።

አብሮ መሥራት ስንል በሰዎቹ መሃል ምን ይመላለሳል?

ስፌት እየዘለለ ያስቸገረ ማሽን ላይ የቆሙ ሁለት መካኒኮችን ጠጋ ብላችሁ ስሙ። "እሷን ያዛት… እሷን አይደለም፣ ከሥሯ ያለችውን… እ፣ አሁን ትንሽ ላላ አርጋት… በቃ በቃ በቃ!" ይህን በድምፅ ብቻ ቀድታችሁ ለሌላ መካኒክ ብታሰሙት ምን እንደተሠራ አይገባውም። ለሁለቱ ግን የጎደለ ነገር የለም። የንግግሩ ግማሽ አፍ ላይ አይደለማ። የአንደኛው ጣት መርፌው ሥር ነው፤ የሌላኛው ዓይን ጣቱን እየተከተለ ነው፤ ጣቱ ወደተሳሳተችው ብሎን ሲያዘነብል ገና ሳይነካት "እሷን አይደለም" ይባላል። ስህተቱ የታረመው ከመፈጸሙ በፊት ነው።

ጉዳዩን የሚያጠኑ ሰዎች እዚህ ላይ ሁለት ቦታ ለይተው ያያሉ። አንደኛው የሥራው ቦታ ነው፦ ማሽኑ፣ ፕላኑ፣ የታካሚው እጅ። ሁለተኛው የመግባቢያው ቦታ ነው፦ የባልደረባችን ፊት፣ ዓይን፣ እጅ፣ ትከሻው የዞረበት አቅጣጫ። ዳማ የሚጫወቱ ሰዎችን አስቡ። ሰሌዳው መሃል ነው፤ ቆርኪዋን ላንሳ አላንሳ እያለ የሚያመነታው እጅ ከሰሌዳው በላይ ነው፤ ቀና ሲሉ ደግሞ የተጋጣሚው ፊት አለ። ዙሪያውን የቆመው ተመልካች ሳይቀር ሦስቱንም በአንድ እይታ ያገኛል፤ ጣልቃ እየገባ የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው። ኮምፒውተር ፊት ጎን ለጎን ስንቀመጥ ይህ ይፈርሳል፤ ሥራው ስክሪኑ ላይ፣ ሰውዬው ጎናችን፣ ጣቱ ደግሞ መስታወት ላይ ይሆናል።

ኤአር ለጋራ ሥራ ተስፋ የተጣለበት የተለያዩትን ሁለት ቦታዎች መልሶ ያገናኛል ተብሎ ነው። አንዳንዱ ማሳያ በእርግጥ ያገናኛል። አንዳንዱ ደግሞ ሥራውን መሃል አምጥቶ የሰውን ፊት ይወስዳል።

ማንም ምንም ሳያጠልቅ ኤአር ይሆናል?

ይሆናል። እንዲያውም ሰው ለሰው እንዲተያይ ከተፈለገ ብዙ ጊዜ የሚሻለው ይህ ነው። ፕሮጀክተር ከላይ ይሰቀልና ምስሉን በቀጥታ እውነተኛው ነገር ላይ ያበራል።

በጣም የታወቀው ምሳሌ የአሸዋው ሳጥን ነው። የሠሩት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ቅርንጫፍ፣ ኦሊቨር ክሬይሎስና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. የ2010ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከሳጥኑ በላይ ኪኔክት የሚባል፣ መጀመሪያ ለኤክስቦክስ ጨዋታ የወጣ ርቀት የሚለካ ካሜራ ይንጠለጠላል። አሸዋው የቱ ጋ እንዳበጠ፣ የቱ ጋ እንደጎደጎደ ያለማቋረጥ ይለካል። ፕሮጀክተሩ በልኬቱ መሠረት አሸዋውን በቀለም ይሸፍነዋል፤ ጎድጓዳው ሌላ ቀለም፣ ጉብታው ሌላ ቀለም፣ በላዩም ካርታ ላይ የምናውቃቸው የከፍታ መስመሮች። አሸዋውን በእጃችሁ ስትንዱት መስመሮቹ አብረው ይፈርሳሉ። መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ከአሸዋው ከፍ አድርጋችሁ ብትይዙ ከሥሩ ዝናብ ይዘንባል፤ ውኃው ቁልቁለቱን ፈልጎ ይወርዳል፣ ጉድጓድ ካገኘ ይጠራቀማል።

ይህን ወደ ሐዋሳ አምጡት። የሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ዋናው ገባሩ ጥቁር ውኃ ነው፤ ከተፋሰሱ ተጠርጎ የሚመጣ ደለል መድረሻው ሐይቁ ነው። የተፋሰሱን ቅርጽ በአሸዋ ሠርተው የወንዶ ገነት አርሶ አደር፣ የተፋሰስ ልማት ባለሙያና የከተማው መሐንዲስ ዙሪያውን ቆሙ እንበል። ባለሙያው ስለ እርከን ሲያስረዳ አርሶ አደሩ "እዚህ ላይማ ውኃው አያልፍም፣ የሚያልፈው በዚህ ነው" ብለው አሸዋውን በእጃቸው ገፋ ያደርጋሉ። መሐንዲሱ እጃቸውን ያያል፤ ውኃው በአዲሱ መንገድ ሲዞር ያያል፤ ባለሙያው ፊቱን ሲያጨማድድም ያያል። ካርታ ማንበብ የሚችለውና የማይችለው አንድ ጠረጴዛ ላይ እኩል ሆኑ። ይህን የትኛውም መነጽር በቀላሉ አይሰጥም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሆስፒታል ነው። የደም ሥር ማሳያ የሚባል በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ። በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ቆዳ ላይ ይለቃል፤ ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ብርሃኑን ስለሚውጥ የደም ሥሩ ያለበት ቦታ ጠቆር ብሎ ይለያል፤ መሣሪያውም የሥሩን መስመር እዚያው ቆዳው ላይ መልሶ ያበራዋል። ሥሩ እምቢ ያለ ሕፃን እጅ ላይ መርፌ የምትፈልግ ተማሪ ነርስ፣ የምታሠለጥናት ነርስና የሕፃኑ እናት አንዱን መስመር እኩል ያያሉ። አሠልጣኟ "ይቺን ተይ፣ ከጎኗ ያለችውን ያዢ" ስትል የቷን እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅባትም።

ፕሮጀክተር ግን ደካማ ጎኑ ብዙ ነው። የቀን ብርሃን ያሸንፈዋል፤ ሰፊ መስኮት ያለው ክፍል ውስጥ እኩለ ቀን ላይ ምስሉ ይጠፋል። እጃችንን ስናስገባ ጥላችን የሚወድቀው ልክ በምንሠራበት ቦታ ላይ ነው። ምስሉ የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል፤ አየር ላይ ገና ያልተሠራ ሦስተኛ ፎቅ ማሳየት አይችልም። ሁሉም የሚያየው አንድ ዓይነት ስለሆነም ለሐኪሙ ብቻ ሊታይ የሚገባውን መረጃ ለአስታማሚውም ያሳያል።

ሁላችንም ስልክ አለን፤ ስልኩ አይበቃም?

ለማየት ይበቃል፤ ለመሥራት ያስቸግራል። አፕልና ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 አርኪትና አርኮር የተባሉትን ሶፍትዌሮች ካወጡ ወዲህ አቅም ያለው ስልክ ሁሉ የኤአር ማሳያ ሆኗል። ካሜራው ቦታውን ይቀርጻል፣ ስክሪኑ ተጨማሪውን ደርቦ ያሳያል። ችግሩ እጅ ነው። ስልክ የያዘ እጅ መፍቻ አይዝም። ሁለት ሰዎች የየራሳቸውን ስልክ ሲይዙ ደግሞ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ወደ ስክሪን ነው የሚያዩት፤ አንዱ በጣቱ የሚጠቁመው የራሱን ስክሪን ነው፣ ሌላው ጋ ያ ጣት የለም።

አንድ ሰፊ ታብሌት ማቆሚያ ላይ አስቀምጦ ሁለት ሰው ቢያየው የተሻለ ነው፤ ጣቱም ምስሉም አንድ ስክሪን ላይ ይገናኛሉ። ለማስተማር፣ ለደንበኛ ለማሳየት፣ ለመወሰን በቂ ነው። ፊት ለፊት መተያየት ግን አይኖርም፤ ትከሻ ለትከሻ ነው።

መነጽር ሁሉ አንድ ነው?

አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮች "የኤአር መነጽር" እየተባሉ ይጠራሉ።

አንደኛው አሳላፊው ነው። መስታወቱ የእውነተኛውን ዓለም ብርሃን ያሳልፋል፤ ኮምፒውተሩ የሠራው ምስል በላዩ ላይ ይደረባል። የማይክሮሶፍት ሆሎሌንስ ከዚህ ወገን ነው፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2016፣ ሁለተኛው በ2019 ነው የወጣው። ሁለተኛው ዓይነት መነጽር በካሜራ የሚያሳየው ነው። ከውጭ ዓይናችን ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል፤ ፊት ለፊት ያሉት ካሜራዎች ዓለሙን ይቀርጹና ውስጥ ባሉ ሁለት ትንንሽ ስክሪኖች ያሳዩናል። የሜታ ክዌስት 3 (2023) እና የአፕል ቪዥን ፕሮ (2024) እንዲህ ናቸው። በአንደኛው ባልደረባችንን እናያለን፤ በሁለተኛው የባልደረባችንን ቪዲዮ እናያለን።

አሳላፊው መነጽር ትልቁ ጥቅሙ እጅ እጅ ሆኖ መቅረቱ ነው። የባልደረባችን ጣት ያለበት ቦታ ላይ ነው፣ አይዘገይም፣ አይደበዝዝም፤ ፊት ለፊት ካለን ሰው ጋር ዓይን ለዓይን መገናኘት እንችላለን። ባትሪው ቢያልቅ እንኳ ከፊታችን ያለው ማሽን አይጠፋም፤ የሚሽከረከር ነገር አጠገብ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጉድለቱ ከብርሃን ይነሳል። ይህ መነጽር ብርሃን መጨመር እንጂ መቀነስ አይችልም፤ ጥቁር ቀለም የለውም። የሐዋሳ የቀትር ፀሐይ ላይ ይዛችሁት ብትወጡ ምስሉ ሳስቶ ሊጠፋ ይደርሳል። ሌላው ጉድለቱ የማሳያው ስፋት ነው። የሰው ሁለት ዓይን ወደ ጎን 200 ዲግሪ ያህል ያያል፤ ሆሎሌንስ 2 ምስል የሚያሳየው ከጥግ እስከ ጥግ ሲለካ 52 ዲግሪ ገደማ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው የተጨመረ ነገር አይታይም። ብቻችንን ስንሆን ጭንቅላታችንን እናዞራለን። ሁለት ስንሆን ግን አዲስ ችግር ይመጣል፤ አንዱ የሚጠቁመውን ነገር ሌላው እያየው ይሁን አይሁን ሁለቱም እርግጠኛ አይሆኑም። "ታየህ?" "የቱ?" "ቀዩ!" "ቀይ የለኝም እኮ" የሚል ጨዋታ ይጀመራል።

የካሜራው መነጽር በተቃራኒው ምስሉ ደማቅና ድፍን ነው፤ ጥቁር አለው፣ እውነተኛውን ግድግዳ ሸፍኖ በምትኩ መስኮት ሊያሳይ ይችላል። ዋጋው ግን ሦስት ነው። ካሜራዎቹ በትክክል ዓይናችን ያለበት ቦታ ላይ አይደሉም፤ ስለዚህ ርቀት በጥቂቱ ይዛባል፣ እጅ ለእጅ ዕቃ መቀባበል ላይ ይታወቃል። ከእንቅስቃሴ እስከ ምስል ትንሽ መዘግየት አለ፤ አፕል የራሱን 12 ሚሊ ሰከንድ ነው ይላል፣ የድሮዎቹ ግን ከዚህ በእጅጉ ይብሱ ነበር። ሦስተኛውና ለአብሮ ሥራ ዋናው፣ እኛ ሌላውን ብናይም ሌላው የእኛን ዓይን አያይም። አፕል በመሣሪያው የውጭ ገጽ ላይ ሌላ ስክሪን ገጥሞ የተጠቃሚውን ዓይን የሚመስል ምስል ማሳየቱ ነገሩን ያስረዳል፤ 600 ግራም ያለፈ መሣሪያ ላይ ተጨማሪ ክብደትና ወጪ የተሸከመው፣ ሰው ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ዓይን ካላየ ስለሚቸገር ነው።

ይህ ልዩነት በሙከራ ታይቷል?

ታይቷል። ኪዮሺ ኪዮካዋ፣ ማርክ ቢሊንግኸርስትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ያቀረቡት ጥናት አንድ ቦታ ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች አራት ዓይነት የራስ ማሳያ እየቀያየሩ ሲሠሩ አነጻጸረ፦ አሳላፊውን፣ ጥልቀት ያለው ምስል የሚሰጠውን የካሜራ ማሳያ፣ ጥልቀት የሌለውን የካሜራ ማሳያ፣ እና ውጭውን ጨርሶ የሚጋርደውን። ሥራው አንዱ የሚለውን ነገር ሌላው ለይቶ ማግኘት ነበር። አሳላፊው በሰዎቹ የንግግርም ሆነ የእጅና የዓይን ግንኙነት ላይ ያደረሰው ጫና ባጠቃላይ ከሁሉም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ማሳያው እጅንና ዓይንን መጠቀም ባስቸገረ ቁጥር ደግሞ ሰዎቹ ክፍተቱን በንግግር መሙላት ጀመሩ።

ይቺን ውጤት ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አንድ አለቃ ሠራተኞቹ መነጽር አድርገው ሲያወሩ፣ ሲጠያየቁ ቢያይ "ተግባቡ!" ብሎ ሊደሰት ይችላል። ጥናቱ የሚለው ወሬ መብዛቱ ብቻውን መግባባት አለመሆኑን ነው። ጣት ማድረግ ያቃተውን ምላስ እየሠራው ሊሆን ይችላል። ቅድም ያየናቸው መካኒኮች አጭር ያወሩት ስለሚግባቡ ነው፤ "ከመርፌው በስተቀኝ ካሉት ሁለት ብሎኖች የላይኛዋን" እያሉ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲናገሩ ብትሰሟቸው አንድ ነገር በመሃላቸው ገብቷል ማለት ነው።

በእርግጥ የ2002 መሣሪያና የዛሬው አይወዳደሩም፤ የዛሬዎቹ ካሜራዎች እጅግ የጠሩ ናቸው። ዓይንን የሚሸፍን ነገር ግን ዛሬም ዓይንን ይሸፍናል።

የዚያው ጥናት ሁለተኛ ክፍል ብዙም የማይወራለት ግን ለሥራ የሚጠቅም ነው። ሰዎቹ ሁሉ አሳላፊ መነጽር አድርገው፣ የሚሠሩበት ምስል የሚቀመጥበት ቦታ ተቀያየረ። ምስሉ በሁለቱ መሃል ሲሆን ሰዎቹ ይበልጥ ተነሳሽ ሆኑ፣ ሰውነታቸውን ለመግባቢያ ተጠቀሙ፣ አንዱ የሌላውን ድርጊት እያነሳ ተነጋገረ። ማለትም ውድ መነጽር ገዝቶ ምስሉን ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ዳማውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ጎን ለጎን ቆሞ መጫወት ነው።

ሁለት መነጽሮች የሚያሳዩት አንዱን ነገር መሆኑ በምን ይረጋገጣል?

እያንዳንዱ መነጽር ክፍሉን በራሱ ካሜራና ሴንሰር እየለካ የራሱን ካርታ ይሠራል። የአንዱ ካርታ ከሌላው ጋር እንዲገጥም የጋራ መነሻ ያስፈልጋል። ቀላሉ መንገድ ወረቀት ላይ የታተመ ጥቁር አራት ማዕዘን ምልክት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ሂሮካዙ ካቶ ያዘጋጀው ኤአርቱልኪት የተባለ ሶፍትዌር ይህን ዘዴ አስፋፋው። አሁን አሁን መሣሪያዎቹ ምልክት ሳያስፈልጋቸው የክፍሉን ካርታ እርስ በርስ ይለዋወጣሉ።

መግጠሙ ትንሽ ከተዛባ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። ለሁለት ሰው ግን አንዱ ጋ ብሎኗ ላይ ያለው ቀስት ሌላው ጋ ሁለት ጣት ርቆ ሌላ ብሎን ላይ ያርፋል፤ ሁለቱም ተግባብተናል ብለው የተለያየ ብሎን ያስባሉ። ይህ ካለመግባባት የከፋ ነው። ሌላም አለ፤ ብዙ ጊዜ መነጽሩ የተጨመረውን ነገር ከባልደረባችን እጅ በላይ ይደርበዋል፤ እጁ ከፊት ሆኖ ሳለ ከኋላ ያለ ይመስላል። ሁለቱ አንዱን ነገር እያዩ መሆኑን ለማወቅ አሳማኝ መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ባልደረባችን የሚያይበትን አቅጣጫ በቀጭን መስመር ማሳየት ነው። ዓይኑን ባናይ እንኳ እይታው የት እንዳረፈ እናውቃለን።

ባለሙያው አዲስ አበባ ወይም ሌላ አገር ቢሆንስ?

ይህን ጋራዥ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ ሞተሩ ውስጥ እጁን ከቷል፣ ሌላው በቴሌግራም ቪዲዮ ስልኩን ደግኗል፣ አዲስ አበባ ያለው ባለሙያ "ወደ ግራ… ወደ አንተ ግራ አይደለም፣ ወደ መኪናው ግራ… አለፍከው!" እያለ ይጮኻል። ኤአር እዚህ ላይ የሚጨምረው ባለሙያው ምስሉ ላይ በጣቱ ሲያከብበው ክቡ እዚህ ያለችው የሞተሩ ክፍል ላይ ተለጥፎ እንዲቀር ነው።

መጠቆም ብቻ ግን አይበቃም። ሱዛን ፈሰልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ሥራ ሩቅ ያለው ረዳት ቪዲዮው ላይ ጠቋሚ ብቻ ማንቀሳቀስ ሲችል ያገኘው ጥቅም እምብዛም ነበር፤ መሳል ሲችል ነው ሥራው የተሻሻለው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ "ይቺን" ለማለት ጠቋሚ ይበቃል፣ "እንዲህ አዙረህ፣ በዚህ በኩል አስገባው" ለማለት ግን የእንቅስቃሴው ቅርጽ መታየት አለበት።

ለዚህ ሥራ መነጽር ይሻላል ወይስ ስልክ? መነጽር ሁለቱንም እጅ ነጻ ያወጣል። ሆኖም ካሜራው ከሠራተኛው ጭንቅላት ጋር ስለሚዞር ሩቅ ያለው ባለሙያ የሚያየው ሠራተኛው ያየውን ብቻ ነው፤ ሠራተኛው መፍቻ ፍለጋ ዘወር ሲል ባለሙያው ወለል ያያል፣ ሲቆይም ራሱን ያዞረዋል። ማቆሚያ ላይ የተቀመጠ ስልክ አይንቀጠቀጥም፤ ኔትወርክ ሲደክም ደግሞ ምስሉን አቁሞ በቆመው ምስል ላይ ስሎ መላክ ይቻላል። በእኛ ኔትወርክ ለእኔ ይህ ያመዝናል።

መሣሪያ ያላደረገው ሰውስ?

አብሮ የሚሠራ ሁሉ መሣሪያ አያደርግም፤ በተለይ ታካሚ። ጉግል ግላስ የተባለው ካሜራ ያለው መነጽር እ.ኤ.አ. በ2013 ለሙከራ ሲወጣ ካስነሳው ቅሬታ ዋነኛው እየተቀረጽኩ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ይህ ይብሳል። ዓይኑን የሸፈነ ሐኪም "እማማ፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት?" ቢላቸው እሳቸው የሚመልሱት ለማን እንደሆነ ግራ ይገባቸዋል። አሳላፊ መነጽር ያደረገ ሐኪም ቢያንስ ፊቱ ይታያል፤ ታብሌት ደግሞ አዙሮ ለእሳቸውም ያሳያል፤ ፕሮጀክተር ማንንም አያገልም።

ሐዋሳ ላይ መሞከር የፈለገ ከየት ይጀምር?

ከመነጽር ባይጀምር ይሻላል። ሆሎሌንስ 2 ሲወጣ 3,500 ዶላር ነበር፤ ማይክሮሶፍትም ምርቱን እ.ኤ.አ. በ2024 አቁሟል። የጥገና ሥራ የሚሠራ ድርጅት መጀመሪያ አንድ ታብሌትና ማቆሚያ ይዞ ሠራተኞቹ የት ጋ እንደሚቸገሩ ቢያይ ገንዘቡ አይባክንም።

ትምህርት ቤት፣ የዩኒቨርሲቲ ዲፓርትመንት ወይም የተፋሰስ ፕሮጀክት ከሆነ ግን የአሸዋው ሳጥን ይቅደም። ሶፍትዌሩ ነጻ ነው፤ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ይሠራል። የሚያስፈልገው ያገለገለ ኪኔክት፣ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር፣ ከቅርብ ርቀት ሰፊ ምስል የሚሰጥ ፕሮጀክተርና አናጺ የሚሠራው አንድ ሜትር በ75 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሳጥን ነው። ክፍሉ መጋረጃ ይኑረው፤ መብራት ሲቆራረጥ ኮምፒውተሩ እንዳይጎዳ ዩፒኤስ ይገጠም። አሸዋው ነጣ ያለ ይሁን፤ ጠቆር ያለው ቀለሙን ይውጠዋል። ጠዋት ጠዋት ውኃ ረጨት ይደረግበት፣ ያኔ ጉብታው ሳይናድ ይቆማል።